ከእምብርት ወደ ደልዳይ፤ የአንድ የሶፍትዌር መፈተሻ ሰርቨር ስያሜዎች ታሪክ

ሴሌኒየም ግሪድ በመባል የሚታወቀው ሰርቨር የድረ ገጽ ሶፍትዌሮችን በራስ ሰር ለመፈተሽ የተሠራ ሲሆን፣ በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበ ወዲህ ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በ2011 እና በ2021፣ መልኩ ከመሠረቱ ተለውጧል። በየለውጡ አዳዲስ ክፍሎችና አዳዲስ ችሎታዎች ሲጨመሩለት ከነባሮቹ ስሞች አንዳንዶቹ ተጥለዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ስማቸው እንዳለ ሆኖ የሚሠሩት ሥራ ሌላ ሆኗል። ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያስቸግረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የተጣለ ስም መጣሉ ይታወቃልና፤ ሥራው የተለወጠበት ስም ግን ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ከመዝገቡ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በታች የምንተርከው የሰርቨሩን ታሪክ ቢሆንም፣ ዐይናችን የሚያርፈው በስያሜዎቹ ላይ ነው፤ የአማርኛ አቻ ሲፈለግላቸውም ከቃሉ ይልቅ ክፍሉ የሚሠራውን ሥራ መከተል የሚበጅበትን ምክንያት ከታሪኩ ውስጥ እናወጣለን። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ «ፍተሻ» ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው «ቴስት» ሥሩ ላቲን ሲሆን መነሻው ብረታ ብረት በእሳት የሚነጠርበት የሸክላ ዕቃ ነው። አንጣሪው ወርቁ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው በዚህ ዕቃ ውስጥ አቅልጦ ነበር። የግዕዙ «ፈተነ» ከዚህ እጅግ የሚቀራረብ ታሪክ አለው፤ ብርንና ወርቅን በእሳት ማንጠርም፣ የሰውን ልብ በመከራ መመርመርም በዚሁ በአንዱ ግስ ይነገራሉ። ነገሩ በሥርወ ቃል ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ «ፈተና» ያለ ተወዳዳሪ አቻው በሆነ ነበር። ነገር ግን ቃሉን ትምህርት ቤት ወስዶታል፤ «የሶፍትዌር ፈተና» የሚል ርእስ የሚያይ የዛሬ አንባቢ ወረቀት ፊቱ የተዘረጋለት ተማሪ እንጂ ሌላ አይታየውም። «ሙከራ»ም ከግዕዙ «አመከረ» የሚወርድ፣ የ«መከራ» ዘመድ የሆነ ቃል ነው። ዛሬ ግን ዋና ፍቺው ይሆን እንደሆነ ለማየት መጣር ነው፤ «ሞከረ፣ ግን አልሆነለትም» እንላለን።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ግሌንፎርድ ማየርስ በ1979 ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ ባሳተመው መጽሐፍ ክርክሩን የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ፍተሻ የሚካሄደው ፕሮግራሙ እንደሚሠራ ለማሳየት ሳይሆን ስሕተት ለማግኘት ታስቦ መሆን አለበት ይላል። ከእርሱ አስቀድሞም ኤድስኸር ዳይክስትራ ፍተሻ የስሕተትን መኖር እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ እንደማይችል አስገንዝቦ ነበር። በዚህ ሚዛን ሲታይ «ሙከራ» የሚለው ቃል ማየርስ ከነቀፈው ሐሳብ ጋር ይወግናል። በር ላይ የሚቆም ፈታሽ ግን የሚገባውን ሰው የሚዳብሰው የተከለከለ ነገር ይዞ እንደሆነ ለማግኘት ነው፤ ትናንት የተፈተሸውም ዛሬ እንደገና ይፈተሻል። ራስ ሰር ፍተሻም ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥር ያንኑ ዳሰሳ ሳይሰለቹ መድገም ነው። ስለዚህ «ሙከራ» በብዙዎች ዘንድ መለመዱን ባንክድም በዚህ ጽሑፍ የምንሠራው በ«ፍተሻ» ነው።

የሰርቨሩ ታሪክ የሚጀምረው በ2004 ቺካጎ ውስጥ ነው። በቶትወርክስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄሰን ሀጊንስ የኩባንያው ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸውንና ወጪያቸውን የሚመዘግቡበትን ሶፍትዌር ይፈትሽ ነበር። አንድን ገጽ መክፈት፣ ቅጽ መሙላት፣ ቁልፍ መጫን፣ የወጣውን ውጤት ማየት፣ ከዚያም ከመጀመሪያው መድገም በሰው እጅ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ስለነበረ፣ ይህን በሰው ፈንታ የሚያደርግ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ጻፈ። ስሙ ከቀልድ የተገኘ ነው። በጊዜው በዚህ ሙያ ታዋቂ የነበረው ተወዳዳሪ ድርጅት ሜርኩሪ ይባል ነበር፤ ሜርኩሪ ደግሞ የባዜቃ ስም ነው። ሀጊንስ የባዜቃ መርዝ በሴሌኒየም ይፈወሳል ብሎ በጻፈው ቀልድ የተነሣ መሣሪያው ሴሌኒየም ተባለ። ቀልዱን ወደ አማርኛ ማሻገር አይቻልም፤ የተጸውዖ ስም ስለሆነም ማሻገር አያስፈልግም።

የድረ ገጽ ማሳያ ፕሮግራሞችን በአማርኛ «አሳሽ» ማለት ተለምዷል። (ዘመዱን «ማሰሻ»ን መጠቀም የሚሹ አሉ፤ ነገር ግን ምጣድ የሚታሰስበትን ጨርቅ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) አሳሾች ለደኅንነት ሲባል ከአንድ ሰርቨር የመጣ ትእዛዝ ከሌላ ሰርቨር የመጣን ገጽ እንዳይነካ ይከለክላሉ። ከዚህም የተነሣ የሀጊንስ መሣሪያ ሊሠራ ይችል የነበረው ከሚፈተሸው ሶፍትዌር ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በፈታሹና በሚፈተሸው መካከል ሌላ ሰርቨር ማቆም ነው፤ ይህ አማካይ ሁሉም ነገር ከአንድ ቦታ የመጣ መስሎ ለአሳሹ እንዲታየው ያደርጋል። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን አማካይ «ፕሮክሲ» ይለዋል። አማርኛ «እንደራሴ» የሚል፣ ለዚህ የተፈጠረ የሚመስል ቃል አለው፤ በባለቤቱ ፈንታ፣ ባለቤቱን ሆኖ የሚቆም ማለት ነውና። ከቤተ መንግሥትና ከፓርላማ ታሪኩ ተላቅቆ ወደ ኮምፒዩተር ቢገባ ደስ በተሰኘን ነበር፤ ግን ማንም የሞከረው አይመስለንም።

አማካዩ ሰርቨር የተሰጠው ስም «ሴሌኒየም ሪሞት ኮንትሮል» ነበር። ከስያሜ አንጻር ይህ እንግዳ ስም ነው። ሪሞት ኮንትሮል የሚባለው፣ በየሳሎኑ እንደምናውቀው፣ አዛዡ በእጁ የሚይዘው ዕቃ ነው፤ እዚህ ግን ስሙ የተሰጠው ትእዛዙን ተቀብሎ ለሚፈጽመው ወገን ሆነ። «የርቀት መቆጣጠሪያ» ብሎ በቀጥታ የሚተረጉም ሰው ቃሉን በትክክል ተርጉሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ታዛዡን አዛዥ ያደርገዋል።

እንዲህ ያለው ፍተሻ ዝግተኛ ነው። እያንዳንዱ ፍተሻ አሳሽ መክፈት፣ ገጽ እስኪመጣ መጠበቅ፣ መሙላት፣ መጫንና መዝጋት አለበት። አንዱ ፍተሻ አንድ ደቂቃ ቢወስድ፣ 300 ፍተሻዎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በተራ ሲካሄዱ አምስት ሰዓት ይፈጃሉ፤ በዐሥር ኮምፒዩተሮች ላይ እኩል ቢከፋፈሉ ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። በ2008 የቶትወርክሱ ፊሊፕ ሀንሪጉ ሴሌኒየም ግሪድን የሠራው ይህን ሒሳብ ይዞ ነው። ግሪድ ፍተሻዎችን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ ሰርቨር ነው።

«ግሪድ» የሚለውን ቃል የሚያገኝ ተርጓሚ እጁ ቶሎ የሚደርስለት «ፍርግርግ» ነው። ለመስኮት ብረትና በካሬ ለተከፋፈለ ወረቀት ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ብዙ ኮምፒዩተሮችን እንደ አንድ አድርጎ የማሠራት ሐሳብ በ1990ዎቹ «ግሪድ» ሲባል፣ በተለይም ኢያን ፎስተርና ካርል ኬሰልማን በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ አማካይነት ስሙ ሲታወቅ፣ አርአያው የመስኮት ፍርግርግ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል መረብ ነበር። መብራቱን የሚያበራ ሰው ኃይሉ ከየትኛው ግድብ እንደመጣ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። በሴሌኒየም ግሪድም ፍተሻውን የሚልከው ሰው ፍተሻው በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደሚካሄድ አያውቅም። ስለዚህ የጋራ ስም ሆኖ ሲመጣ አቻው «የኮምፒዩተር መረብ» ሳይሆን (ይህ ለኔትወርክ ተይዟል) «የሥራ ቋት» ወይም የዚህ ዘመድ የሆነ ቃል ነው። እህል ከብዙ ሰው ወደ አንድ ቋት ይገባል፤ ሲወጣም የማን እንደነበረ አይለይም። ለሰርቨሩ ስም ግን «ግሪድ» ብሎ መተው የተሻለ ይሆናል።

የመጀመሪያው ግሪድ ሁለት ዓይነት ክፍሎች ብቻ ነበሩት። አንዱ «ሀብ» ሲባል ሌሎቹ፣ ከላይ እንዳየነው፣ «ሪሞት ኮንትሮሎች» ይባሉ ነበር። ሀብ የመንኮራኩር መካከል ነው፤ ጨረሮቹ ሁሉ የሚሰኩበት ስለሆነ «እምብርት» ብንለው ከሥዕሉም ከሥራውም ጋር ይስማማል። እምብርቱ ጥያቄ ይቀበላል፤ የትኛው ሪሞት ኮንትሮል ነፃ እንደሆነና ከተጠየቀው የአሳሽ ዓይነት ጋር እንደሚስማማ ያያል፤ ጥያቄውን ያስተላልፍለታል፤ መልሱን ይመልሳል። ሁሉም ነገር በእርሱ በኩል ያልፋል።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሳይመን ስቱዋርት በዚያው በቶትወርክስ «ዌብድራይቨር» የተባለ ሌላ መሣሪያ መሥራት ጀምሮ ነበር። ይህኛው አሳሹን ከውስጥ በጃቫስክሪፕት ሳይሆን ከውጭ፣ በአሳሹ በራሱ መንገድ ያዘዋል። በ2009 ሁለቱ መሣሪያዎች እንዲዋሐዱ ተወሰነ፤ ሴሌኒየም 2 በሐምሌ 2011 ወጣ፤ ዌብድራይቨርም በ2018 የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ይፋዊ መለኪያ ሆነ። «ድራይቨር»ን «ሾፌር» ማለት ከማሳቁ በስተቀር ሩቅ አይደለም፤ «ነጂ» ግን ይበልጠዋል። ከብት የሚነዳ ሰው በሬው ላይ አይቀመጥም፤ ከኋላ ሆኖ ድምፅ እያሰማ ነው የሚያስኬደው። የዌብድራይቨርም ሥራ ይኸው ነው።

ከሴሌኒየም 2 ጋር ግሪድም ታደሰ። «ሪሞት ኮንትሮል» የሚለው ስም ተጥሎ በቦታው «ኖድ» የሚለው ገባ። ለውጡ የስም ብቻ አልነበረም። ቀድሞ አንዱ ሪሞት ኮንትሮል በአንድ ዓይነት አሳሽ ስም ይመዘገብ ነበር፤ ኖድ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት አሳሾችን ሊያቀርብ ይችላል። ምንም ሳይነገረው ሲነሣ አምስት ፋየርፎክስ፣ አምስት ክሮምና አንድ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አለኝ ብሎ ይመዘገብ ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ግን ከአምስት አይበልጥም። «ኖድ» የላቲን «ቋጠሮ» ነው፤ መረብ ሲሣል መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ በዚህ ስም ይጠራል። «ቋጠሮ» በአማርኛ በሒሳብ ሥዕል ላይ ሊያገለግል ይችላል። ሥራ የሚሠራ ኮምፒዩተርን ግን ቋጠሮ ማለት አይነገርም፤ አማርኛ የሚቋጥረው ቂምና ስንቅ ነው። ሥራውን ብንመለከት ኖድ ባለጉዳይ መጥቶ የሚስተናገድበት፣ ለማእከሉ የተመዘገበ ቦታ ነው። ለዚህ «ጣቢያ» አለን፤ ጤና ጣቢያ፣ ነዳጅ ጣቢያ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንላለን። ከዚህ በኋላ ኖድን ጣቢያ እያልን እንቀጥላለን።

«ሀብ» ግን በ2011 ስሙን እንደያዘ ቀረ። በ2016 በወጣው በሴሌኒየም 3 ጊዜም እንዲሁ። የእምብርትነት ሥራውም እስከዚህ ድረስ በመሠረቱ አልተለወጠም።

ወደ 2021 ከመሻገራችን በፊት በዚያው ሙያ የሚሠራበትን የሌላ ሰርቨር ታሪክ ማንሣት ይገባናል፤ የዚህ ታሪክ ግልባጭ ነውና። ኮሱኬ ካዋጉቺ በ2004 በሰን ማይክሮሲስተምስ «ሀድሰን» ብሎ የጀመረው ሰርቨር፣ ኦራክል ሰንን ከገዛ በኋላ በስሙ ባለቤትነት ላይ በተነሣ ክርክር የተነሣ በ2011 «ጄንኪንስ» ተባለ። ጄንኪንስ የፕሮግራም ጽሑፍ በተለወጠ ቁጥር ሶፍትዌሩን እንደገና ይገነባል፤ ፍተሻዎቹንም ያስጀምራል። ሥራውን ለብዙ ኮምፒዩተሮች ሲያከፋፍል የሚያዘው ኮምፒዩተር «ማስተር»፣ የሚታዘዙት «ስሌቭ» ይባሉ ነበር፤ «ጌታ» እና «ባሪያ» ማለት ነው። ይህ ዘይቤ በምህንድስና ውስጥ የቆየ ነው፤ ከሚታወቁት ጥንታዊ አጠቃቀሞች አንዱ በ1904 የስነ ፈለክ ሊቁ ዴቪድ ጊል በኬፕ ታውን ስለነበረ ሰዓት የጻፈው ነው። በጄንኪንስ ግን «ስሌቭ» በ2016 ከወጣው ከሁለተኛው እትም ጀምሮ በ«ኤጀንት» ተተካ፤ «ማስተር»ም በ2020 በ«ኮንትሮለር»። ኮምፒዩተሮቹ የሚሠሩት ሥራ በዚህ ለውጥ አንዳች አልተነካም፤ የተነካው ቃሉ ብቻ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ተርጓሚ የእንግሊዝኛውን ውሳኔ እስኪሰማ ድረስ መጠበቅ አልነበረበትም። በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ሰዎች ልጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ቃሉም ስድብ ሆኖ እስከ ዛሬ ሰው ይቆስልበታል። የኮምፒዩተር መመሪያ የሚያነብ ተማሪ «ባሪያው ለጌታው ምላሽ ካልሰጠ ጌታው ባሪያውን ያስወግደዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢገጥመው፣ ተርጓሚው እያንዳንዱን ቃል በትክክል ተርጉሟል ብሎ መከራከር አይቻልም። እማሬው ልክ ቢሆንም ፍካሬው ሌላ ታሪክ ይዞ ይመጣል። ሥራውን የሚከተል ተርጓሚ ግን በ2005ም በ2025ም «ተቆጣጣሪ» እና «ሠሪ» ባለ ነበር፤ እንግሊዝኛው ቃሉን ሲለውጥ የእርሱ መዝገበ ቃላት አይናወጥም። እዚህ ላይ «ኤጀንት»ን «ወኪል» ማለትን አንደግፍም። ወኪል በሕግ በሌላው ስም የመወሰንና የመፈረም ሥልጣን አለው፤ የጄንኪንሱ ኤጀንት የታዘዘውን ከመሥራት ውጭ ምንም ሥልጣን የለውም።

በጄንኪንስ ቃሉ ተለውጦ ሥራው ጸና፤ በግሪድ ደግሞ በጥቅምት 2021 ቃሉ ጸንቶ ሥራው ተለወጠ። በዚያ ወር የወጣው ሴሌኒየም 4 ግሪድን እንደ አዲስ ጽፎ አቀረበው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2011 ግሪድ ሲታደስ ጣቢያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል የተደረደሩ ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ በ2021 ግን ዶከርና ኩበርኔቲስ በሚባሉት መሣሪያዎች አማካይነት ጣቢያ በደቂቃዎች ውስጥ ይወለዳል፣ ሥራው ሲያበቃም ይጠፋል። ሁሉን ነገር በራሱ ውስጥ ይዞ የሚኖር አንድ እምብርት ይህን መሸከም አይችልም፤ ሲወድቅም ሁሉም አብሮት ይወድቃል። ስለዚህ የእምብርቱ ሥራ ተነጣጥሎ እያንዳንዱ ለብቻው በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ሊቀመጥ የሚችል ክፍል ሆነ።

አንድ ጥያቄ የሚሄድበትን መንገድ ብንከተል የክፍሎቹ ሥራ ይታያል። ፈታሹ አሳሽ እንዲከፈትለት ይጠይቃል። ጥያቄው በመጀመሪያ የሚደርሰው «ራውተር» ወደ ተባለው ክፍል ነው። ዛሬ በከተማ ቤት ሁሉ ራውተር የሚባል መሣሪያ ስላለ ቃሉ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ችግሩ በጣም የታወቀ መሆኑ ነው፤ አንባቢው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መሣሪያ ያስባል። ይህኛው ራውተር ዕቃ አይደለም፤ መጪውን ተቀብሎ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። «መንገድ መሪ» የሚለው ነባር ስም ለመንገደኛ የሠራውን ሥራ እዚህም ይሠራል። መንገድ መሪው አዲሱን ጥያቄ ወደ ወረፋው ይልከዋል። ወረፋው ራሱን የቻለ ክፍል ሆኗል፤ ለዚህ ቃል መፈለግ አያስፈልገንም፣ በየዳቦ ቤቱ በር አለና። በወረፋው የቆመ ጥያቄ በ300 ሴኮንድ ውስጥ ካልተስተናገደ፣ ሌላ ካልተወሰነለት በቀር፣ ተሰርዞ ይመለሳል።

ከወረፋው ጥያቄውን የሚያነሣው «ዲስትሪቢዩተር» ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «አከፋፋይ» ማለት ቀላል ነው። አከፋፋይ ግን በአማርኛ ነጋዴ ነው፤ ቢራና ሲሚንቶ ከፋብሪካ ተረክቦ ለቸርቻሪ የሚሰጥ፣ ዕቃው በእጁ የሚያልፍ። የግሪዱ ዲስትሪቢዩተር ምንም ነገር በእጁ አያልፍም። የጣቢያዎቹን ሁኔታ ያውቃል፤ ጥያቄው የሚሻውን አሳሽና ጣቢያዎቹ ያላቸውን ክፍት ቦታ ያመዛዝናል፤ ይህን ወደዚያ፣ ያንን ወደዚህ ብሎ ይመድባል። ተመራቂዎችን በየሥራ ቦታው መመደብ፣ ቡድኖችን በየምድቡ ማስገባት በአማርኛ «ድልድል» ይባላል፤ ይህን የሚሠራው ደግሞ «ደልዳይ» ነው። ለዲስትሪቢዩተር ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም። (በግብር አዳራሽ እንግዳውን እንደ ማዕረጉ የሚያስቀምጠው አጋፋሪ ከሥራው አንጻር ይበልጥ ይቀርባል፤ የአጋፋሪን ማዕረግ ለፕሮግራም መስጠት ግን ከቁም ነገር ይልቅ ቀልድ ይሆናል።)

ደልዳዩ ጥያቄውን ለጣቢያ ከሰጠ በኋላ አሳሹ ይከፈታል፤ አሳሹ ተከፍቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ «ሴሽን» ይባላል። «ክፍለ ጊዜ» የሚለው አቻ በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ውስጥ ገብቷል፤ ነገር ግን ክፍለ ጊዜ ደወል ተደውሎ የሚጀመር፣ ደወል ተደውሎ የሚያበቃ፣ ርዝመቱ አስቀድሞ የታወቀ የትምህርት ቤት ጊዜ ነው። ሴሽን ርዝመቱ አይታወቅም፤ ባለጉዳዩ እስኪሄድ ይቆያል። ስለዚህ «ቆይታ» እንለዋለን። ቆይታው እንደተጀመረ የትኛው ቆይታ በየትኛው ጣቢያ ላይ እንዳለ ይጻፋል፤ የሚጻፍበት ክፍል «ሴሽን ማፕ» ይባላል። «ማፕ» እዚህ ካርታ አይደለም፤ በሒሳብ እንደሚባለው የአንዱን ከሌላው ጋር መዛመድ ነው፤ «የቆይታ መዝገብ» ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ ፈታሹ የሚልካቸው ትእዛዛት ወደ ደልዳዩ አይሄዱም። መንገድ መሪው መዝገቡን አይቶ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ይመራቸዋል። በ2011 እምብርቱ ብቻውን ያደርገው የነበረው ይህን ሁሉ ነበር።

«ሀብ» የሚለው ስም በ2021ም አልጠፋም። ነገር ግን ዛሬ ሀብ የሚባለው አንድ ክፍል አይደለም፤ መንገድ መሪው፣ ወረፋው፣ ደልዳዩ፣ የቆይታ መዝገቡና ቀጥሎ የምናየው የኩነት መስመር በአንድነት ታስረው ሲነሡ ለጥቅሉ የሚሰጥ ስም ነው። ፈታሹ የሚያንኳኳው የፖርት ቁጥር 4444 እንኳ አልተለወጠም፤ ከበሩ በስተጀርባ ያለው ቤት ግን ሌላ ነው። «እምብርት፤ ጥያቄዎችን ተቀብሎ ለጣቢያዎች የሚያከፋፍል ክፍል» ብሎ በ2011 የተጻፈ ፍቺ በ2021 የተጻፈ መመሪያ ለሚያነብ ተማሪ ስሕተት ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የዚህ ዓይነት ቃል ሲገጥመው ፍቺውን ከእትሙና ከዓመቱ ጋር አብሮ መስጠት ግዴታው ይመስለናል፤ የሕግ ቃላትን ከአዋጁ ቁጥር ጋር እንደምንሰጠው ማለት ነው።

የቀሩት ሦስት ስያሜዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወጥመድ ይዘዋል። ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት «ኢቨንት ባስ» ነው። አዲስ ጣቢያ ሲነሣ መኖሩን የሚያሰማው በዚህ ነው፤ ደልዳዩም የሚሰማው በዚህ ነው። «ባስ» ከአውቶቡስ ጋር አንድ ቃል ነው፤ የሁለቱም አያት «ለሁሉም» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ነው። ነገር ግን ወደ ኮምፒዩተር የመጣው በመንገዱ መኪና በኩል ሳይሆን ኃይል ለብዙ መስመሮች ከሚያድለው የኤሌክትሪክ ዘንግ በኩል ነው። «የድርጊት አውቶቡስ» የሚል ትርጉም እንዳይጻፍ ይህን ማወቅ ይበቃል። ከሥራው አንጻር በአደባባይ የሚለፍፈውን አዋጅ ነጋሪ ይመስላል፤ ማን እንደሚሰማው ሳይጠይቅ ያሰማል፤ የሚመለከተው ይሰማል። «የኩነት መስመር» ብለነዋል፤ የተሻለ ያለው ያምጣ።

ሁለተኛው «ስቴሪዮታይፕ» ነው። በየጣቢያው ያለ እያንዳንዱ ክፍት ቦታ (መመሪያው «ስሎት» ይለዋል፤ እኛ በገበያ አንድ ነጋዴ የሚቀመጥበትን ስም ወስደን «መደብ» እንለዋለን) ምን ዓይነት ጥያቄ ሊያስተናግድ እንደሚችል የሚገልጽ ምልክት አለው። የዚያ ምልክት ስም ስቴሪዮታይፕ ነው። ቃሉን በጋዜጣ የሚያውቀው ተርጓሚ «ጭፍን አመለካከት» ብሎ ይጽፋል፤ ዐረፍተ ነገሩም «መደቡ ከጭፍን አመለካከቱ ጋር ከተስማማ» የሚል ይሆናል፤ መደብ የሚለው ቃል በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከነበረው ትርጉም ጋር ሲደመርማ የፖለቲካ ጽሑፍ ይመስላል። ስቴሪዮታይፕ የማተሚያ ቤት ቃል ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ የተሰየመው፣ የተለቀመውን ፊደል ቀርጾ ደጋግሞ ለማተም የሚያስችለው የብረት ሰሌዳ ነው። ማኅበራዊ ትርጉሙን የሰጠው ዋልተር ሊፕማን በ1922 ነው። ግሪድ የተመለሰው ወደ ቀድሞው ነው፤ «የመደብ አብነት» ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው «ድሬይን» ነው። አንድን ጣቢያ ለጥገና ወይም ለማስወገድ ሲፈለግ በድንገት መዝጋት በላዩ ያሉትን ቆይታዎች መቁረጥ ይሆናል። አዲሱ ግሪድ ግን ጣቢያው አዲስ ጥያቄ እንዳይቀበል፣ የጀመራቸውን ግን እስከ መጨረሻው እንዲያስተናግድ፣ የመጨረሻው ቆይታ ሲያበቃም በራሱ እንዲዘጋ ማዘዝን ያስችላል። «ማፍሰስ» ወይም «ማድረቅ» ብለን ብንተረጉም የተጀመረው ሥራ የሚጣል ያስመስላል። «ለአዲስ መዝጋት» ሥራውን በትክክል ይነግራል፤ ነገር ግን የቀሩት እስኪያልቁ መጠበቁን አያሳይም። እዚህ ላይ እስካሁን የያዝነውን ደንብ ትተን ዘይቤውን ራሱን ብንከተል ይሻላል፤ አማርኛ ለዚሁ ዘይቤ «ማጠንፈፍ» የሚል ግስ አለውና። የታጠበ ጎመን ሲጠነፍፍ ማንም አይጨምቀውም፤ አዲስ ውኃም አይጨመርበትም፤ በላዩ ያለው ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ ይቆያል። «ጣቢያውን አጠንፍፍ» የሚል ትእዛዝ የሚያነብ ሰው መመሪያውን ሳይገልጥ ምን እንደሚሆን ይረዳል።